የገደል ማሚቶ በበቅሎ ጅማት

አያ በቅሏቸውን እየሳቡ ከደጄ የቆሙት ጥር 26 ቀን ጠዋት ነው። ቀኑ ያልጠፋኝ፣ በቅሎዋ የተጎዳችው ጥር 21 ከግሸን ማርያም ንግሥ ሲመለሱ መሆኑን ነግረውኝ አምስቱን ቀን በጣቴ ስለቆጠርኩ ነው። አያ ሙስሊም ናቸው፤ የግሸንን አቀበት ግን ከብዙ ዲያቆን ይልቅ ያውቁታል። መስከረም 21 እና ጥር 21 በደረሰ ቁጥር ወደ አምባሰል ተሻግረው፣ እግሩ ያልጸናለትን ምዕመን በዳማዋ በቅሏቸው እያወጡ ያወርዳሉ። ሐይቅ ተወልጄ ያደግኩ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የምጠራቸው «አያ» እያልኩ ነው። እሳቸውም ሰው ሁሉ ዶክተር ሲለኝ እየሰሙ «አንቺ ልጅ» ማለታቸውን አልተዉም።

«አንቺ ልጅ፣ ተኩሺልኝና ልሂድ» አሉ ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

በቅሎዋ የግራ የፊት እግሯን ጫፍ ብቻ አስነክታ ቆማለች። ከጉልበቷ በታች፣ ከቅልጥሟ ኋላ ያለው መስመር ቀጥ ያለ መሆን ሲገባው እንደ ቀስት ወደ ኋላ ጎብጧል። እጄን ሳሳርፍበት ሞቀኝ። እግሯን አንስቼ፣ ከአጥንቱ ኋላ ያለውን ጅማት በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል ይዤ ወደ ታች ስወርድ፣ መሃሉ ላይ ስደርስ ነጠቀችኝ። ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የአገራችን ወጌሻም በአንድ ዳሰሳ ይደርስበታል። ጅማቷ ተጎድቷል። ግን ምን ያህሉ? ተወጥሮ ብቻ ነው ወይስ ክሮቹ ተበጥሰዋል? በስንት ወር ጭነት ትችላለች? እዚህ ላይ ጣት ያልቅበታል።

እንደ ዕድል ሆኖ አንድ የአልትራሳውንድ መሣሪያ በእጄ ነበር። ከምሳ ዕቃ ብዙም የማይበልጥ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል፣ በባትሪ የሚሠራ ነው። የመጣው ለላሞች ነው። የተዳቀለች ላም መጸነሷን በእጅ ለማወቅ ልምድ ያለው ሰውም ቢሆን ሁለት ወር ያህል መጠበቅ አለበት፤ በአልትራሳውንድ ግን በ30 ቀን ገደማ ይታያል። በአካባቢያችን ይህን መሣሪያ ያየ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በዚሁ ሥራው ነው። ስለዚህ ከቦርሳው ሳወጣው አያ ከበቅሎዋ አንድ እርምጃ ራቅ ብለው አዩኝ።

«ይሄ የእርግዝናው አይደለም እንዴ? በቅሎ ትወልዳለች ልትይኝ ነው?»

ከኋላቸው የቆመው ልጃቸው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ፊቱን አዞረ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ግን ከቀልድ ያልፋል። ላም ሆድ ውስጥ ጽንስ የሚፈልገው ቀጥ ያለ መዳሰሻ፣ በቅሎ እግር ላይ ሲያርፍ ጅማትን ለማየት የሚያስፈልገው ዓይነት መዳሰሻ ነው። የበቅሎ ጅማት ከቆዳው ሥር አንድና ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ገባ ብሎ ስለሚገኝ ጥልቅ የሚያይ ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም። በየወረዳው ለላም ተብሎ የተገዛ ሁሉ ለበቅሎም፣ ለፈረስም፣ ለአህያም ዓይን መሆን ይችላል። የሚያስፈልገው መዳሰሻውን ከጭራ ወደ ቅልጥም ማዞር ነው።

ስለ ጅማት ጥቂት ልበል። ፈረስና በቅሎ ከጉልበታቸው በታች ሥጋ የላቸውም ማለት ይቻላል። ከቆዳ፣ ከአጥንትና ከጅማት የተሠራ እግር ነው። ጡንቻው ላይ ሆኖ ይስባል፤ ጅማቱ ጉተታውን እስከ ሰኮናው ያደርሳል። ከቅልጥም አጥንት ኋላ በእጃችን የምንይዘው ወፍራም ገመድ አንድ ሳይሆን የተደራረቡ ጅማቶች ነው። ለቆዳው የሚቀርበው ላይኛው ጅማት ነው፤ ከሱ ሥር ጥልቁ ጅማት፣ ከዚያ ወዲያ አጥንቱን ተጠግቶ ቁርጭምጭሚቱን አንጠልጥሎ የሚይዘው ጅማት አለ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው ላይኛው ነው። እንስሳዋ እግሯን መሬት ባሳረፈች ቁጥር ቁርጭምጭሚቷ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ጅማቱ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ያጠራቀመውን ጉልበት ለቀጣዩ እርምጃ ይሰጣታል። ፈረስ ሽምጥ ሲጋልብ ይህ ጅማት ከርዝመቱ ከመቶ 16 ያህል እንደሚለጠጥ ተለክቷል። ይህ ሊበጠስበት ከሚችለው መጠን ብዙም አይርቅም። በግልቢያ ጊዜ የመሃሉ ሙቀት 45 ዲግሪ እንደሚደርስም ተደርሶበታል፤ ለዚህም ሊሆን ይችላል ጉዳት ብዙ ጊዜ ከዳር ሳይሆን ከመሃል የሚጀምረው። ቆዳው ደህና፣ ዳሩ ደህና፣ እምብርቱ የተበላ።

የተጻፈው አብዛኛው ስለ ፈረስ ነው፤ እኔም ስለ በቅሎ ጅማት ስፈልግ የፈረሱን መጽሐፍ ነው የምገልጠው። እሷስ አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው ትል የለ!

የግሸን በቅሎ ግን አትጋልብም። የሷ ጠላት ቁልቁለቱ ነው። ባዶዋን ሜዳ ላይ ብትቆም እንኳ ከክብደቷ ከመቶ 60 ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቿ ናቸው። ሰው ተቀምጦባት፣ ድንጋይ በድንጋይ በሆነ ቁልቁለት ላይ ስትወርድ ይህ ድርሻ ይጨምራል። በዚያ ላይ ጡንቻ ሲደክም ቁርጭምጭሚቱን የሚደግፈው ጉልበት ይላላና ሸክሙ ጅማቱ ላይ ይወድቃል። አያ እንደነገሩኝ ጥር 21 ዕለት በቅሎዋ ሦስት ሰው በየተራ አውጥታ አውርዳለች። የተጎዳችው በሦስተኛው ቁልቁለት ነው፤ የመጀመሪያው ላይ ቢሆን ኖሮ ይገርመኝ ነበር።

አልትራሳውንድ ምን እንደሆነ ለአያ ያስረዳሁት በገደል ማሚቶ ነው። የአምባሰልን ገደል ለሚያውቅ ሰው ከዚህ የቀለለ ማብራሪያ የለም። ከገደሉ ፊት ለፊት ቆመህ ትጮሃለህ፤ ድምፅህ ይመለሳል። ቶሎ ከተመለሰ ገደሉ ቅርብ ነው፤ ከዘገየ ሩቅ ነው። ገደሉ የቆመ ዐለት ከሆነ ጥርት ብሎ ይመለሳል፤ ደን የለበሰ ከሆነ ይደክማል። መሣሪያውም ይጮሃል፤ ግን በጆሯችን አንሰማውም። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበውን ድምፅ ይሰማል፤ በዚያን ቀን እጄ ላይ የነበረው መዳሰሻ የሚያወጣው ድምፅ በሰከንድ 7.5 ሚሊዮን ጊዜ ይርገበገባል። ይህ ድምፅ በሰውነት ውስጥ በሰከንድ 1,540 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ጅማት ሲያገኝ በከፊል ይመለሳል፤ አጥንት ሲያገኝ ሁሉም ሊባል በሚችል ደረጃ ይመለሳል፤ የተጠራቀመ ደም ወይም ውኃ ሲያገኝ ግን የሚመልሰው የለምና አልፎ ይሄዳል። መሣሪያው የማሚቶውን መዘግየትና ጥንካሬ እየለካ በነጭ፣ በግራጫና በጥቁር ነጥብ ይሥላል። ብዙ ማሚቶ ነጭ ነው፤ ማሚቶ የሌለበት ጥቁር ነው።

«ሐይቁ ላይስ?» አሉኝ አያ። ጥያቄያቸው ጥሩ ነበር። የሐይቃችን ጥልቀት ከ80 ሜትር በላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ጥልቀት ዛሬ የሚለካው ገመድ በመጣል ሳይሆን በዚሁ በማሚቶ ነው። የሕክምናው አልትራሳውንድ ዘመድም ከብረት ፋብሪካ የመጣ ነው። የማህፀን ሐኪሙ ኢያን ዶናልድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ግላስጎው አጠገብ፣ ብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያን ከሰው ሆድ በወጣ ዕጢ ላይ ሞከረው፤ ከባልደረቦቹ ጋር ውጤቱን ያሳተመው በ1958 እ.ኤ.አ. ነው። ለፈረስ እግር የዋለው ግን ከዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ኖርማን ራንታነን የተባለ አሜሪካዊ የእንስሳት ሐኪም በ1982 እ.ኤ.አ. የፈረስን እግር በአልትራሳውንድ ስለመመርመር የመጀመሪያውን ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበሩ ሐኪሞች ሁሉ፣ የነገሥታትን ፈረስ ያከሙትም ጭምር፣ ከኔ አውራ ጣትና ሌባ ጣት የተሻለ አልነበራቸውም።

ወደ ዳማዋ ልመለስ። መጀመሪያ ፀጉሯን መላጨት ነበረብኝ። ድምፁ አየርን አይወድም፤ በፀጉር መካከል የተያዘች ትንሽ አየር እንኳ ምስሉን ታበላሸዋለች። አያ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የእግሯ ፀጉር ጥቁርና አብረቅራቂ ነው፤ መላጣ እግር ያላት በቅሎ ገበያ ብትወጣ ሰው ምን ይላል? ተደራደርን፤ ከኋላ በኩል ሁለት ጣት የምታህል ስፋት ብቻ፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት። በሳሙና አጠብኩ፤ ጄሉን ቀባሁ፤ ልጁ ደህነኛውን እግሯን አንስቶ ያዘልኝ። ለዚህ ምክንያት አለው፤ የታመመው እግር መሬት ካልረገጠ ጅማቱ ይላላል፤ የላላ ጅማት ደግሞ ውሸት ይናገራል።

ስለ ውሸት ካነሳሁ አይቀር የራሴን ጉድ ልናገር። ጅማት እንደ ክራር ክር ቀጥ ብሎ የተወጠረ የክሮች ጥቅል ነው። (የክራርንም ክር «ጅማት» ነው የምንለው፤ ለቅኝት ስሙን ባበደረ አገር በድምፅ ጅማት እመረምራለሁ ማለቴ ለራሴም ያስቀኛል።) ድምፁ ክሮቹን ቀጥ ብሎ ሲመታቸው ደምቀው ይታያሉ። መዳሰሻው ትንሽ ካዘነበለ ግን ማሚቶው ወደ ሌላ ቦታ ይሄድና ጤነኛው ጅማት ጥቁር ሆኖ ይታያል። ገና ስጀምር፣ አንድ ጤነኛ የጋሪ ፈረስ «ጅማቱ ተበጥሷል» ብዬ ለአንድ ወር ሥራ አስፈትቼዋለሁ። ባለጋሪው ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ዛሬም መንገድ ላይ ሳየው አንገቴን እደፋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ነገር ባየሁ ቁጥር መዳሰሻውን ወደ ላይና ወደ ታች እያወዛወዝኩ አረጋግጣለሁ፤ አግድም ያየሁትን በቁመት እደግማለሁ። የእውነት ጉዳት ከሆነ ብታወዛውዘውም አይሄድም።

የዳማዋ አልሄደም። ጤነኛ ጅማት አግድም ሲታይ ወጥ የሆነ፣ ደቃቅ ነጥብ የሞላበት ነጭ ቅርጽ ነው፤ በቁመት ሲታይ ደግሞ እንደተበጠረ ፀጉር ጎን ለጎን የተሰለፉ መስመሮች። የሷ ግን እምብርቱ ላይ ጥቁር ጉድጓድ ነበረበት፤ በቁመት ሳየው መስመሮቹ እዚያ ሲደርሱ ይቆረጣሉ። ቀኝ እግሯን አነጻጽሬ ለካሁት። ለሁሉም እንስሳ የሚሆን አንድ ልክ የለም፤ መስፈሪያዋ የራሷ ደህነኛ እግር ነው። የሁለቱ ስፋት ከመቶ 20 በላይ ከተለያየ ነገሩ ጉዳት ነው ይባላል፤ የሷ ግማሽ ያህል ወፍሮ ነበር። ስክሪኑን ለአያ አዞርኩላቸው። ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «እንደ ነቀዘ ማሽላ» አሉ። ከዚህ የተሻለ የሙያ ቃል አላገኘሁም።

በሳምንቱ፣ በየካቲት መጀመሪያ፣ እንደገና አየኋት፤ ጉድጓዱ ሰፍቶ ነበር። ይህ የሚጠበቅ ነው። ደሙና እብጠቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አጠገቡ ያሉትን ክሮችም ያበላሻል፤ የጉዳቱ ትክክለኛ ልክ የሚታየው ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ምስል ብቻ «ትንሽ ናት» የሚል ሐኪም ባለቤቱን ያታልላል።

ሕክምናው ለመናገር አያምርም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀዝቃዛ ውኃ፣ የእብጠት ማስታገሻ መድኃኒት፣ በጥጥ የተደላደለ ፋሻ፤ ከዚያ ዕረፍት። በረዶ የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። የአያ ቤት ከእስጢፋኖስ ገዳም ማዶ ነው። አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያቀኑት ይህ ገዳም ሴት አያስገባምና እኔ ከዳር ሆኜ ነው ሳየው ያደግኩት። ልጁ ጠዋትና ማታ በቅሎዋን ከዚያው ዳር ውኃው ውስጥ ሃያ ሃያ ደቂቃ ሲያቆማት እኔም አንዳንዴ አብሬው እቆም ነበር።

መተኮሱ ግን አከራከረን። በጋለ ብረት መተኮስ የኛ አገር ብቻ አይደለም፤ እንግሊዞችም ለብዙ መቶ ዓመታት የእሽቅድምድም ፈረሶቻቸውን ጅማት ሲተኩሱ ኖረዋል። በ1983 እ.ኤ.አ. የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት የተተኮሰው ጅማት ካልተተኮሰው በተሻለ እንዳልዳነ አሳየ። ታዲያ አባቶቻችን ለምን ይድናል አሉ? የተተኮሰች በቅሎ ቁስሏ እስኪደርቅ ማንም አይጭናትም። ያዳናት ዕረፍቱ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደው ብረቱ። ይህን ለአያ ስነግራቸው «ታዲያ ሳትተኩሺያት እንደተተኮሰች እናድርጋት» አሉና ገላገሉኝ።

ጅማት የሚድነው እንደ ሥጋ አይደለም። የደም ሥሩ ጥቂት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሰውነት ቀዳዳውን የሚደፍነው በችኮላ ነው፤ የሚሠራው ኮላጅን ደካማው ዓይነት ሲሆን ክሮቹም እንደተበተነ ገለባ ወዲያና ወዲህ የተጣሉ ናቸው። ጠንካራው ኮላጅን ቦታውን የሚይዘው፣ ክሮቹም በጭነቱ አቅጣጫ የሚሰለፉት በወራት ነው፤ አንድ ዓመትም ሊደርስ ይችላል። ለመሰለፍ ደግሞ ልክ ያለው ጉተታ ይፈልጋሉ። ጨርሶ ታስራ የቆመች በቅሎ ክሯ ተበታትኖ ይቀራል፤ ቶሎ የተጫነች ደግሞ ትበጥሰዋለች። ስለዚህ ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ በእጅ እየተሳበች ሜዳ ላይ አሥር ደቂቃ፣ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ እየተጨመረ እንድትሄድ አዘዝኩ። የአልትራሳውንዱ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። በሽታውን መንገር የመጀመሪያው ቀን ሥራ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ወይም በየሦስት ወሩ «ወደሚቀጥለው እርከን ትለፍ ወይስ ትቆይ?» ለሚለው መልስ የሚሰጠው እሱ ነው። እንስሳዋ መልሱን አትሰጥም። ሕመሙ ከጅማቱ በፊት ይድናላ!

በሚያዝያ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ነበር። ማነከሷ ቀርቷል። እብጠቱም ቀንሷል። አያ ከዚያ ወዲያ ምን እንደምጠብቅ አልገባቸውም፤ የሰፈሩ ሰው ደግሞ «ደህና በቅሎ አስሮ የሚቀልብ» እያለ ይስቅባቸዋል። ዓይን የሚያየውና ስክሪኑ የሚያሳየው የተለያዩት በዚህን ጊዜ ነው። ግራጫው ጉድጓዱ እንደተሞላ እንጂ በምን እንደተሞላ አይናገርም፤ በቁመት ሲታይ መስመር አልነበረውም።

ሰኔ ላይ አራተኛውን ምርመራ ላደርግ ሄድኩ። በእጄ ዳሰስኩት፤ አልሞቀም፤ አልነጠቀችኝም። አስሄድኳት፤ አላነከሰችም። መዳሰሻውን አሳርፌ ስለካው ግን ጅማቱ ከሚያዝያው ይልቅ ወፍሯል። ከምርመራ ምርመራ ስፋቱ ከመቶ 10 በላይ ከጨመረ ጅማቱ ከአቅሙ በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ግራጫው ውስጥም አዲስ ጥቁር ነጥብ ነበር።

«አያ፣ ጭናችኋታል።»

«ኧረ ወላሂ አልጫንኳትም!»

ዝም አልኩ። አያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ መሬት መሬት ያያል። ለካ አባቱ ደሴ በሄዱበት ቀን አንድ ኩንታል ማሽላ ጭኖ ወፍጮ ቤት ደርሶ ተመልሷል። አንድ ቀን ብቻ። አያ ተቆጡ፤ ሲቆጡ ግን ዓይናቸው ከልጁ ይልቅ እጄ ላይ ያለውን መሣሪያ ነበር የሚያየው። «ይሄ ነገር ይሰልላል እንዴ?» አሉ በመጨረሻ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ሰላዩ» ነው የሚሉት።

ልጁን መውቀስ አልቻልኩም። በውድድሩ ዓለም የተጎዳ ፈረስ ሣር ሜዳ ላይ ይለቀቃል፤ ከራሱ ደም ወይም መቅኔ የወጣ ሕዋስ በአልትራሳውንድ እየተመራ ጅማቱ ውስጥ ይወጋለታል፤ ባለቤቱ ሌላ ፈረስ አለው። አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ግንባር ቀደም ናት፤ ፈረሱና በቅሎውም በሚሊዮን የሚቆጠር ነው፤ ግን አብዛኛው ባለቤት ያለው አንድ ነው። እንደ ስፓና፣ ብሩክና ዶንኪ ሳንክቹዋሪ ያሉ ድርጅቶች በኢትዮጵያ ለጋማ ከብት ብዙ ሠርተዋል፤ ከቁስል፣ ከሰኮናና ከጭነት ዕቃ ጋር የተያያዘው ሥራ በእጅ የሚዳሰስ ለውጥ ያመጣል። ጅማት ግን በዓይን አይታይምና ወረፋው አይደርሰውም። እኔ በበኩሌ ለባለ በቅሎ «አሥር ወር አትጫኑ» ማለት ለሰው «አሥር ወር አትብላ» እንደማለት መሆኑን አውቃለሁ። ስክሪኑን ማዞር የጀመርኩትም ለዚህ ነው። ቃሌን ብቻ ይዞ የሚሄድ ሰው በሁለተኛው ወር ይጭናታል፤ ጥቁሩን በዓይኑ ያየ ቢያንስ ሦስት ወር ይታገሣል። ይህ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም፤ በሐይቅና በአምባሰል መንገድ ላይ ያየሁት ነው።

ክረምቱን በቅሎዋ ቀስ በቀስ ተራመደች። ጭቃው ከፋ፤ ጭቃ እግርን ይዞ ስለሚጎትት ሐምሌን ግማሹን አሳረፍናት። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሳያት ጥቁር ነጥቧ ጠፍታ መስመሮች ብቅ ብቅ ማለት ጀምረው ነበር፤ ገና የተዘራ ማሳ ይመስላል። አያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ እያስኬዱ «ይሄ በቅሏል፤ ይሄ ገና ነው» ይሉኛል። መስከረም 21 ቀርቦ ነበር። አልጠየቁኝም። የጎረቤት በቅሎ የእኩል ወስደው ግሸን ሄዱ፤ ዳማዋን ልጁ ሜዳ ላይ ባዶዋን እየሳበ አዋላት። የዚያን ዓመት የመስከረም ገቢያቸው ግማሹ ለጎረቤት ሄደ። ይህ በማንም የሕክምና መዝገብ ላይ አይጻፍም።

ታኅሣሥ ላይ፣ አሥራ አንድ ወር ሲሞላት፣ የመጨረሻ ነው ብዬ መሣሪያውን ይዤ ወረድኩ። ግራ እግሯ ያማረ ነበር። ስፋቱ ከቀኙ ትንሽ ይበልጣል፤ ሁልጊዜም ይበልጣል፤ ጠባሳ ነውና እንደ ቀድሞው አይለጠጥም። ግን መስመሮቹ ዳር እስከ ዳር ተያይዘዋል። ቀላል ጭነት፣ ከዚያ አንድ ሰው በሜዳ፣ ከዚያ እናያለን አልኳቸው። አያ ኮርቻውን ከቤት አስመጥተው፣ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫኑና ጠፍሩን አጠበቁ። ጥር 21 አንድ ወር ቀርቶታል፤ ፊታቸው ላይ ይነበባል።

ለወጉ ያህል ቀኙን እግሯንም አየሁት። ለወጉ ብቻም አይደለም፤ አንድ እግር ለወራት ሲታመም ደህነኛው የሁለቱን ሸክም ይሸከማል፤ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ጉዳትም እሱ ላይ ነው። በእጄ ዳሰስኩ፤ ምንም። ስክሪኑ ላይ ግን ከላይኛው ጅማት እምብርት ላይ የአተር ፍሬ የማታክል ግራጫ ነገር አየሁ። መዳሰሻውን አወዛወዝኩ። አልሄደችም። በቁመት አየኋት። አለች።

ምንም ከማለቴ በፊት አያ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ነበር። አሁን ማንበብ ችለዋል።

«ይቺ አዲስ ናት» አሉ።

«አዲስ ናት አያ። ገና ናት፤ በእጅ አትታወቅም።»

«ስንት ወር?»

በልቤ ሳምንታቱን መቁጠር ጀመርኩ። እሳቸው ግን መልሴን አልጠበቁም፤ ዞረው የኮርቻውን ጠፍር መፍታት ጀምረዋል።